ከጎጆ እስከ ጉልላት፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሕይወት በቤቶቻቸው ቅርጽ

ሰው በዕድሜው የሚሠራው ብዙ ነው። ከሥራው ሁሉ ግን ልብሱ ያረጃል፣ ገንዘቡ ይበተናል፣ ቃሉም ይረሳል፤ የሠራው ቤት ብቻ ቢፈርስ እንኳ መሠረቱ በመሬት ላይ እንደ ጽሕፈት ተነጥፎ ይቆያል። ስለዚህ የአንድን ታላቅ ሰው ሕይወት ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ፣ ያ ሰው የተወለደበትን፣ የገዛበትንና የተቀበረበትን ቤት ቅርጽ ቢመለከት ከመጻሕፍት የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። እኛም ለዛሬው እሑድ ዳግማዊ አፄ ምኒልክን በዚህ መንገድ ልናያቸው አስበናል። ስለ ጦርነታቸውና ስለ መንግሥታቸው ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቤቶቻቸው ቅርጽ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በጂኦሜትሪ ትምህርት ሲሊንደር፣ ሾጣጣ፣ ኩብ፣ ፕሪዝም፣ ሉል የሚባሉትን ቅርጾች ይማራሉ። እኛም በትምህርት ቤት ሳለን ስፋታቸውንና ይዘታቸውን የምናገኝበትን ቀመር በቃላችን ይዘን፣ ከፈተናው በኋላ ወዲያው እንጥለው ነበር። ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ለባሕር ማዶ ሰው ብቻ የሚጠቅም ይመስለን ነበርና። ነገር ግን በበዓል ቀን አያቶቻችን ቤት ሄደን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ወደ ላይ ብንመለከት ኖሮ፣ በሲሊንደር ላይ በተደፋ ሾጣጣ ውስጥ መቀመጣችንን እናስተውል ነበር።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ. ም. ሲወለዱ ዓይናቸው መጀመሪያ ያየው ቅርጽ ይኸው ነው። የተወለዱት ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በአንጎለላ ነው። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ይባላሉ። አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 ዓ. ም. ጀምሮ ሸዋን የገዙ፣ አንኮበርንና አንጎለላን መቀመጫ አድርገው እያፈራረቁ የኖሩ ንጉሥ ነበሩ። አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት አፋፍ ላይ ትገኛለች። ቤተ መንግሥቱም ከከተማው በላይ በቆመ ሹል ኮረብታ ላይ፣ በእንጨት አጥር ላይ አጥር እየተደረበ የታጠረ ነበር። እንግዲህ ኮረብታው ራሱ ሾጣጣ፣ በላዩ ያሉት ቤቶችም ሾጣጣ፣ ዘብ የሚያድርበት ድንኳንም ሾጣጣ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን፣ ያገራችን ሰው ቤቱን ስለ ምን ክብ እንዳደረገ እንጠይቅ። አናጢው መሬቱን ከደለደለ በኋላ በመካከሉ ካስማ ይተክላል፤ በካስማው ላይ ገመድ ያስራል፤ ገመዱን ወጥሮ ዙሪያውን ይዞራል። በአንድ ካስማና በአንድ ገመድ የቤቱ ፕላን አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይቆማል፣ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ከምሰሶው ጫፍ ወደ ግድግዳው ወጋግራው ይወርዳል፣ ሣሩም ይከደናል። ከቅለቱም በላይ ትርፍ አለበት። መካከሉ 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት የግድግዳው ዙሪያ 19 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወለሉ 28 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚያው ግድግዳ ልክ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ቤት ብንሠራ ግን ወለሉ 22 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። እንጨትና ጭቃ ሳይጨመር አንድ አልጋና አንድ ጎተራ የሚያስቀምጥ ቦታ ተገኘ ማለት ነው። ሾጣጣው ጣሪያም የክረምቱን ዝናም በየአቅጣጫው እኩል ያወርዳል፤ ነፋስም የሚመታው ጠፍጣፋ ፊት አያገኝም። አያቶቻችን ቀመሩን አልጻፉትም እንጂ ሥራውን ያውቁት ነበር።

ልጁ ምኒልክ ግን በዚህ ቤት ብዙ አልቆዩም። በ1848 ዓ. ም. አፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ሲዘምቱ ኃይለ መለኮት በዚያው በጦርነቱ ወራት ታመው ሞቱ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅም ተይዘው ከአንኮበር ወጡና ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር ጋራ ተጓዙ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል የኖሩት በመጀመሪያ ከድንኳን ወደ ድንኳን በመዘዋወር፣ በኋላም በመቅደላ አምባ ነው። ድንኳን በአንድ ቀን የሚተከልና በአንድ ሰዓት የሚነቀል ቤት ነው። በአንጻሩ መቅደላ ከሁሉ ወገን ገደል የሆነ፣ አናቱ ጠፍጣፋ የድንጋይ ምሽግ ነው፤ ከእርሱ መውጣት እንጂ እርሱን ማንቀሳቀስ አይቻልም። ወጣቱ ልዑል የሚንቀሳቀስ ከተማ ምን እንደሆነና የማይንቀሳቀስ ምሽግ ምን እንደሆነ ሁለቱንም በዓይናቸው አይተው አደጉ። በ1857 ዓ. ም. ሌሊት ከመቅደላ አምልጠው፣ የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ረድተዋቸው፣ በሃያ ዓመታቸው ገደማ ሸዋ ገቡ፤ በቴዎድሮስ ተሹሞ የነበረውን በዛብህንም አሸንፈው የአባታቸውን አልጋ ያዙ።

ምኒልክ ከነገሡ በኋላ መቀመጫቸው አንድ ብቻ አልነበረም። በልቼ፣ በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበር፣ ኋላም በእንጦጦ ተቀምጠዋል። የውጭ አገር ሰዎችም መጥተው ሲያዩዋቸው፣ ስለ ማንኛውም መሣሪያ አሠራር ሳይሰለቹ የሚጠይቁ፣ ሰዓቱንም ጠመንጃውንም ፈትተው ማየት የሚወዱ ንጉሥ ሆነው አገኟቸው። በ1871 ዓ. ም. ገደማ አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ወጣት የስዊስ መሐንዲስ አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ መሐንዲስ የሚሠራው ምን እንደሆነ ሊፈትኑት መጀመሪያ ጫማ እንዳሠሩት፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዳሠሩት ይነገራል። ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በኢትዮጵያ አገልግሏል፤ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቷል፤ ከእንጦጦ ተራራም በቧንቧ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውሃ አውርዷል።

በ1875 ዓ. ም. ምኒልክ ወይዘሮ ጣይቱን በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አገቡ። ከዚህ በኋላ የሸዋ መካከል ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ተዛወረ። በእንጦጦም ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠራች። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ እንደነበርና መኳንንቱም ይህን አይተው ትከሻቸውን ለድንጋይ እንደሰጡ ይነገራል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ. ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚችው ቤተ ክርስቲያን ነው።

አንባቢያችን ወደ እንጦጦ ማርያም ቢወጣ ግድግዳዋ ክብ አለመሆኑን ያያል፤ ስምንት ማዕዘን አላት። ይህ ቅርጽ በእኛ አስተያየት የዘመኑ ሁሉ ቁልፍ ነው። የቀድሞዎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናቸው፤ በመካከላቸው መቅደሱ ባለ አራት ማዕዘን ሆኖ ይቆማል፤ በዙሪያው ቅድስቱ፣ በስተ ውጭ ደግሞ ቅኔ ማሕሌቱ ይዞረዋል፤ በሾጣጣው ጣሪያ አናት ላይ ጉልላቱ፣ በጉልላቱም መስቀል ላይ ብዙ ጊዜ የሰጎን እንቁላል ይሰካበታል። ኩብ በሲሊንደር ውስጥ፣ ሾጣጣ በሲሊንደር ላይ፣ እንቁላል በሾጣጣ ጫፍ፤ የጂኦሜትሪው መጽሐፍ በሙሉ በአንድ ሕንፃ ውስጥ አለ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ክብ ግድግዳ ለጭቃና ለእንጨት እንጂ ለተጠረበ ድንጋይ አይመችም። ጠራቢው እያንዳንዱን ድንጋይ ጎባጣ ማድረግ አለበት፤ መስኮትና በር የሚሠራው አናጢም ቀጥ ያለውን ሣንቃ ለጎባጣ ግድግዳ ሲያስማማ ይቸገራል። ስምንት ማዕዘን ግን ሁለቱን ያስታርቃል። ከላይ በጠቀስነው የ19 ሜትር ግድግዳ ስምንት ማዕዘን ቤት ብንሠራ ወለሉ 27 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከክቡ የሚያንሰው በአንዲት ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ግድግዳው ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ቱንቢ ይወርድበታል፣ መስኮት ይከፈትበታል፣ ሥዕል ይለጠፍበታል። የአያቶቹን ክብ ሳይተው የአዲሱን ዘመን ድንጋይና ሣንቃ ለመቀበል የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቅርጽ አያገኝም።

የእንጦጦ ነፋስና ብርድ፣ ከሁሉም በላይ የእንጨት እጦት፣ ከተማውን ወደ ታች ገፋው። እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት፤ ይህም በ1879 ዓ. ም. ነው። አዲስቱ ከተማ የተሠራችው እንደ ጦር ሰፈር ነበር። በመካከል በኮረብታው ላይ የንጉሡ ግቢ፤ በዙሪያው በየኮረብታው ላይ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው። ዛሬ ድረስ በሰፈሮች ስም የሚጠሩት ራሶችና ደጃዝማቾች ድንኳናቸውን የተከሉበትን ቦታ ያሳያሉ። ምኒልክ በልጅነታቸው በቴዎድሮስ ሰፈር ያዩት ክብ፣ በእርሳቸው ዘመን ከተማ ሆነ።

የመጀመሪያው ቤተ መንግሥት ብዙ አልቆየም፤ በ1884 ዓ. ም. ገደማ እሳት በላው። የሣር ክዳን ጠላቱ ይኸው ነው፤ አንዲት ፍንጣሪ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው እየዘለለች የብዙ ሰው ድካም በአንድ ሌሊት ታጠፋለች። ግቢው እንደ ገና ሲሠራ ቅርጹ ተለወጠ። የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ እልፍኝ ፎቅ ሆኖ፣ ማዕዘን ያለው፣ በእንጨት ሰገነት የተከበበ ሆነ። በአጠገቡ ከቆሙት ቤቶች አንዱ እንቁላል ቤት ተባለ፤ ስሙን ያገኘው ከቅርጹ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ግብር የሚበላበት አዳራሽ ነው። እዚህ ላይ የክቡ ቤት ድካም ይታያል። ክብ ቤት መካከሉን በእጥፍ ብናሰፋው ወጋግራውም በእጥፍ መርዘም አለበት፤ የሚከደነው ጣሪያ ግን አራት እጥፍ ይሆናል። የጽድም የዝግባም ግንድ ደግሞ ከተወሰነ ርዝመት አያልፍም። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ማብላት የሚፈልግ ንጉሥ በዚህ ቅርጽ ሊሠራ አይችልም። መፍትሔው ረጅም አራት ማዕዘን ነው፤ ወርዱን በእንጨቱ ልክ አድርጎ ርዝመቱን እንደ ልብ ማስረዘም ይቻላልና። አዳራሹም በአንድ ትልቅ ጣሪያ ፋንታ፣ ጎን ለጎን በተያያዙ ሦስት ባለ ሁለት ተዳፋት ጣሪያዎች ተከደነ። ሦስት ፕሪዝሞች ጎን ለጎን ተኙ ማለት ነው። አጭር እንጨት ይዞ ሰፊ ቤት የመሥራት ብልኃት ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ቤት እንጨት ይፈልግ ነበር፤ እንጨቱም እያለቀ ሄደ። በኢትዮጵያ የቀደሙ ነገሥታት ከተማ ሲያረጅባቸው፣ ማገዶም ሲርቅባቸው ሰፈራቸውን ነቅለው ይሄዱ ነበር። ምኒልክም ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. የዐድዋ ድል በኋላ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለም በተባለው ቦታ አዲስ ቤተ መንግሥት አስጀመሩ። በዚህ ጊዜ አዲስ አበባ እንደ አንጎለላና እንደ ልቼ ልትቀር ምንም አልቀራትም ነበር። ያዳኗት ሁለት ነገሮች ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው በድንጋይ የተሠሩት ቤቶች ናቸው፤ ድንኳን ይነቀላል፣ የድንጋይ ግንብ ግን አይነቀልም፤ ብዙ የደከመበትም ሰው ጥሎት መሄድ አይወድም። ሁለተኛው በ1880ዎቹ ዓመታት ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቀጥ ብሎ አድጎ ለምሰሶም ለማገርም ለማገዶም የሚሆን ዛፍ ተገኘ። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባቡርም በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ቆርቆሮ እየበዛ መጣ፤ ቆርቆሮ ደግሞ ቀጥ ያለ ሉህ ስለሆነ ሾጣጣ ጣሪያ ለመክደን አይመችም። ሰው ሳይታወቀው ክቡን ቤት እየተወ ባለ ማዕዘኑን ያዘ።

ምኒልክ ግን ለትልቁ ሥራቸው የመረጡት እንደ ገና ስምንት ማዕዘንን ነው። የዐድዋ ድል መታሰቢያ የሆነው የአዲስ አበባው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በኢጣልያዊው መሐንዲስ በሴባስቲያኖ ካስታኛ ፕላን፣ በስምንት ማዕዘን፣ በድንጋይ ተሠርቶ በ1903 ዓ. ም. ገደማ ተፈጸመ። ካስታኛ በዐድዋ የተማረከ ሰው ነበር ይባላል። ድል የተደረገው አገር ሰው የድሉን መታሰቢያ ቢሠራም፣ ቅርጹ ግን የእንጦጦ ማርያም ቅርጽ ሆነ። ንግሥት ዘውዲቱና አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በዚሁ ካቴድራል ነው። በ1929 ዓ. ም. የኢጣልያ ፋሺስቶች አቃጠሉት፤ ከነጻነት በኋላም ታደሰ። ጣሪያው ቢነድም የድንጋዩ ስምንት ማዕዘን ግን አልወደቀም።

ሕይወታቸውን በቤት ብቻ ለክተን ልንጨርስ አንወድም። ምኒልክ ግዛታቸውን ሲያሰፉ በተደረጉት ዘመቻዎች ብዙ ሕዝብ መከራ አይቷል፤ በዚህም ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ቤተ መንግሥቱንና አብያተ ክርስቲያናቱን ያነሣውም ስሙ ያልተጻፈ ወታደርና ገበሬ በትከሻው ነው። ይህንን ሳናስታውስ የቅርጹን ውበት ብቻ ብናወድስ ሚዛናችን ይጎድላል። ነገር ግን በ1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮችን ሾመው የመንግሥቱን ሥራ በየክፍሉ ሲያከፋፍሉ፣ ያደረጉት ነገር ከአዳራሹ ጣሪያ ጋራ ይመሳሰላል። አንድ ምሰሶ ሊሸከም የማይችለውን ጣሪያ በብዙ ምሰሶ ማቆም ይገባ ነበርና። ያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ጤና ጀምሮ ይታወክ ነበር።

ምኒልክ ለረጅም ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ፤ አስከሬናቸውም በግቢው ውስጥ በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ተቀመጠ። በልጃቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ግን ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ተሠርታ ወደዚያ ተዛወረ። ይህ ሕንፃ ክብም ስምንት ማዕዘንም አይደለም። ከታች ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ሕንፃ፣ በላዩ በመካከል ትልቅ ክብ ጉልላት፣ በአራቱ ማዕዘን ደግሞ አራት ትንንሽ ጉልላቶች ናቸው። በሾጣጣ ሥር የተወለዱት ንጉሥ በግማሽ ሉል ሥር ተኙ። በአጠገባቸውም እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ዐርፈዋል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አንኮበር የወጣ ሰው ከኮረብታው ላይ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረ ጥቂት የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ያገኛል። በእንጨትና በሣር የተሠራው ሁሉ የለም። በአዲስ አበባ ያለውን ግቢ ግን ከ2012 ዓ. ም. ጀምሮ ለሕዝብ ስለ ተከፈተ፣ ማንም ተማሪ ገብቶ እልፍኙንና አዳራሹን በዓይኑ ሊያይ ችሏል። ሁለቱን ቦታዎች ያየ ሰው ቅርጽ ለጌጥ ብቻ እንደማይመረጥ ይረዳል። ክቡ የመጣው ግድግዳ ለመቆጠብ፣ ሾጣጣው ዝናም ለማውረድ፣ ስምንት ማዕዘኑ ክቡንና ድንጋዩን ለማስታረቅ፣ ሦስቱ ጣሪያዎችም አጭሩን እንጨት ለማብቃት ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ የአንድ ችግር መልስ ነበር።

ስለዚህ ነገ በየወረዳው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚያሠሩ ወጣት ሹማምንት፣ የተዘጋጀ ፕላን በጠረጴዛቸው ላይ ሲቀርብላቸው ከመፈረማቸው በፊት ጥቂት ጥያቄ ቢጠይቁ መልካም ነው። ይህ ጣሪያ የየትኛውን አገር ዝናም ያወርዳል? ይህ ግድግዳ በየትኛው ድንጋይ ይቆማል? በዚህ ወጪስ ስንት ልጅ ይቀመጥበታል? ጫማ ሠርቶ እንዲያሳይ መሐንዲሱን የፈተኑት ንጉሥ ይህንን ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር። ተማሪዎችም በሚመጣው በዓል አገራቸው ሲገቡ፣ አንድ ሜትር ይዘው የአያታቸውን ቤት ዙሪያ ይለኩ። ቀመሩን ከፈተና በኋላ እንዳይረሱት የሚያደርጋቸው እርሱ ነው።